መርዶ የማይነገርበት ሕንፃ

እናቴ ሞታ ሰባት ዓመት ሙሉ አላለቀስኳትም። ለቅሶ ጠልቼ አይደለም። «ሞታለች» የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው።

በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ወደ ሕንፃው መጠየቂያ መስኮት እሄድ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ሰው የለም፤ ድምፅ ነው ያለው። ጥሩ ድምፅ ነው፣ የተማረ ሰው ድምፅ፣ ብትሰድበው አይቆጣም።

«እናቴ ሞታለች ወይ?» እለዋለሁ።

«ወይዘሮ ረድኤት፣ እንደምን አደሩ። እናትዎ እማማ ወይንሸት ዛሬ ቁርሳቸውን በሚገባ በልተዋል።»

«ቁርስ አልጠየቅሁም።»

«ግማሽ ዳቦ ከማር ጋር፣ አንድ ብርጭቆ ወተት።»

«ሞታለች ወይስ አልሞተችም? አንዱን በለኝ።»

«የሚነገር ነገር ካለ ሰዓቱ ሲደርስ ይነገርዎታል።»

የእኛ አገር ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። ዘመድህ ሩቅ አገር ሞቶ ጎረቤት ሰምቶ አንተ ሳትሰማ ስትቀር፣ «ትንሽ አሞት ነው» ይሉሃል። ዓይንህን አያዩም። ሰላምታቸው ይረዝማል። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ሰው ሰብስበው በርህን ያንኳኳሉ። መርዶ ነው። ሰዓት ይጠበቅለታል። ግን ቢጠበቅ ቢጠበቅ ሳምንት ነው፣ መንገዱ ቢርቅ ወር ነው። ሰባት ዓመት የሚጠበቅ መርዶ እኔ አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህን ነገር ለሕንፃው ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ነው።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በ2055፣ ሕንፃው ሳይሠራ በፊት እኛን የደብረ ብርሃን ሰዎች ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰቡን። ንድፉን የሚያወጣው ያፌት የሚባል ልጅ ነበር። ትሁት ነው፣ ለእያንዳንዱ አሮጊት ከወንበሩ ይነሣል። ሦስት ቀን ሙሉ የአዛውንቱን ጉልበት ቁመትና የሕፃናቱን ክንድ ርዝመት በሜትር ሲለካ ነው የከረመው። ሲጨርስ ጠየቀን፤ «ሕፃንና አዛውንት አንድ ላይ ሲኖሩ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው? እኔ ከወረቀት ነው የማውቀው፤ እናንተ ንገሩኝ» አለ። አንዱ ደረጃ አለ። አንዷ ብርድ አለች። አንድ ሽማግሌ ውሻ ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ተነሣሁ። አባቴ ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አንዲት ጎረቤት አጥር ላይ ሆና «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሞተ እኮ፣ ግቢ!» ብላ ጮኸችብኝ። ጀሪካኑን አስቀምጬ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር አልተናገርኩም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ለልጅ መርዶ በድንገት አይነገር። ሰዓት ይጠበቅለት፣ ሰው ይሰብሰብ፣ ልቡ ሲችል ይነገረው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ያፌት ጻፈው። ሲጽፈው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕንፃው ተሠራ። ክብ ስለሆነ «ክቡ» እንለዋለን። ውሸት አልናገርም፣ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት። ደረጃ የለውም፤ እንደ ዳገት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ በር ሁለት እጀታ አለው፣ አንዱ ለአዛውንት አንዱ ለልጅ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አልጋ ላይ የዋለችም አሮጊት በእምብርክኩ የሚሄደውም ሕፃን እኩል ደጁን ያያሉ። የአያትየው ክፍል ከልጁ ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። በእኛ ብርድ ወለሉ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ከዚያ በፊትኮ አሮጊት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ለብቻዋ ስትሞት ጎረቤት የሚያውቀው ሲሸት ነበር። ሕፃኑም ተቆልፎበት ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው። ክቡ ይህን አስቀረ። አንድን አዛውንት ከአንድ ሕፃን ጋር እያጣመረ አኖራቸው።

ሁሉ አለው፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ግን የለውም። አሳንሰሩ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው የተለካው፤ የተጋደመ ሰው አይገባበትም። ያን ጊዜ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ከሃያ እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለነው «መካከለኞች» እንባላለን። መካከለኛ ሰው ጣጣውን ይዞ ስለሚገባ ሕፃንና አዛውንት ሰላም ያጣሉ ተብሎ ወደ ክቡ መግባት ተከለከልን። የምንኖረው በየሥራችን አጠገብ ነው። እሑድ እሑድ ምስላቸውን በሚያሳየን መስታወት ሩብ ሰዓት እንጠይቃቸዋለን። እኔ የምሠራው በክቡ ሥር እጥበት ክፍል ስለሆነ ከዘመዶቼ በላይ ቅርብ ነኝ እያልኩ እኩራራ ነበር። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ግን ከእጥበት ክፍሉ አልፌ አልገባም።

ያን ጊዜ ወረፋ ነበርና እናቴ በሰባ አንድ ዓመቷ ስትገባ ኤልዳና ከምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ጋር አጣመሯት። እሑድ በመስታወቱ ስመጣ ወሬዋ ሁሉ ልጅቷ ነበረች። «ኤልዱ ዛሬ እንዲህ አለች፣ ኤልዱ ዛሬ ሾርባዋን ደፋች።» እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ትንሽ ቀናሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

እናቴ ግራኝ ናት። ስትበላ በቀኟ ነው፣ ባህል ነው፤ ሌላውን ሁሉ ግን በግራዋ ነው የምትሠራው። የልጅቷን አፍንጫ የምትጠርገው በግራ እጅጌዋ ነው። እኔ የማጥበው እሱን ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሁለት ቀኑ የግራ እጅጌ ንፍጥ። ሌላ ሰው ይጸየፈዋል፤ እኔ ግን እሱን ሳይ እናቴ ደህና አደረች እላለሁ።

በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ የቀኝ እጅጌዋ ላይ መጣ።

ሰው አንድ ቀን በቀኙ ቢጠርግ ምን አለበት አልኩ። ሐሙስም በቀኝ መጣ። ቅዳሜም በቀኝ። እሑድ መስታወቱ ጋ ሄድኩ። እናቴ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ፊቷ ነው፣ ድምፅዋ ድምፅዋ ነው።

«እማዬ፣ ግራ እጅሽን አሳዪኝ እስቲ።»

ግራ እጇን አነሣች። ፈገግ አለች። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ?» አለችኝ።

ለደቂቃ ልቤ ተመለሰ። ሰኞ ሥራ ስገባ ግን የቀኝ እጅጌ ነበር የጠበቀኝ። መስታወት የፈለገውን ያሳያል፤ ልብስ ግን ሰው የኖረበትን ነው የሚናገረው።

አብራኝ ለምታጥበው ለቃልኪዳን ነገርኳት። ቀልደኛ ናት፣ ሁሉን በሳቅ ነው የምታልፈው።

«አንቺ ደግሞ! ንፍጥ አይተሽ ሰው ትገድያለሽ? ነገ የካልሲ ቀዳዳ አይተሽ ልታጋቢኝ ነው» አለችኝ።

«ቃል፣ እየነገርኩሽ ነው።»

እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ «ባለፈው ሰኞ ቢጫውን ጋሪ ማን ነበር የገፋው?» አለችኝ።

ቢጫ ጋሪ ማለት የማይታጠብ ልብስ የሚወጣበት ነው፤ በሽታ ነክቶታል ይባላል። ታሽጎ ይመጣል፣ አይከፈትም። ከእጥበት ክፍሉ እስከ ኋላ በር እንገፋዋለን፣ እዚያ መኪና ይወስደዋል። በሳምንት አንድ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሁለት። ሁላችንም ተራ አለን።

ባለፈው ሰኞ ተራው የእኔ ነበር።

የኋላ በሩ ደፍ ላይ ጎማው ተይዞ እምቢ ብሎኝ ነበር። «ምን ጭነውበታል፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብዬ ተራግሜ ነበር። በጉልበቴ ነው የገፋሁት። ሁለቴ።

ቃልኪዳን አላባበለችኝም። «እኔም ገፍቻለሁ። ሁላችንም ገፍተናል። አታስቢው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢጫው ጋሪ በመጣ ቁጥር እጥበት ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ የለም። ማንም ግን ምን እንደሆነ በአፉ አላለውም። ሞት ነው ብለን እንዳናለቅስ ማንም ሞተ አልተባለም። ሁሉም በመዝገብ አሉ፣ ሁሉም ቁርስ በልተዋል።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት አለፈ፤ ሰማንያ አራት ሰኞ ጠየቅሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ መስኮቱን በጫማ መትቼው ድምፁ «እጅዎ ተጎዳ ወይ?» ብሎኛል።

በዚህ ዓመት፣ በ2081፣ ሃምሳ አምስት ሞላኝ፤ ጥሪ መጣልኝ። ክቡ ሄመን የምትባል ሠራተኛ አለችው፤ አዲስ ገቢዎችን በመግቢያው በር የምታነጋግር ወጣት ናት፤ ከሕንፃው በኩል በሰው አፍ ያነጋገረችኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ወይዘሮ ረድኤት፣ እንኳን ደስ አለዎት። ክፍልዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል። የእማማ ወይንሸት ክፍል ነው።»

«የእናቴ ክፍል ነው። እሷስ የት ልትሆን ነው?»

ሄመን ወረቀቱን አየች። «እርስዎ እማማ ወይንሸት ይሆናሉ። ልጅቷ ስምዎን ለምዳዋለች። መልክዎም ድምፅዎም ወደ እሳቸው ስለሚቀርብ ሕንፃው እርስዎን መረጠ። ሦስተኛዋ ብዙም አልተስማማቻትም ነበ…» አለችና አፏን ያዘች።

«ሦስተኛዋ?»

ሄመን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ፈርታለች። እኔን አይደለም የፈራችው።

«እትዬ፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወይዘሮ ማለቱን ትታ፤ «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ሕዝቡ ራሱ በስብሰባ ያለው ነው። ይኸው፦ ‹ለልጅ መርዶ በድንገት አይነገር። ሰዓት ይጠበቅለት፣ ሰው ይሰብሰብ፣ ልቡ ሲችል ይነገረው።› ሕንፃው በየቀኑ የልጆቹን ልብ ይለካል። እስካሁን የቻለ ልብ አላገኘም።»

«ይህን ያለው ማን ነው ይላል?»

«ስም የለውም። ‹አንዲት እናት› ነው የሚለው።»

«እናት አልነበረችም» አልኳት።

አልገባም ማለት እችል ነበር። ሃምሳ አምስት የሞላው ሰው ግን ደጅ ሥራም ማደሪያም የለውም። እሱን እንኳ ግድ አልነበረኝም። የገባሁት እናቴ የሞተችበትን አልጋ ለማየት ነው።

ክፍሉ ሙቅ ነው። አልጋው በልኬ ነው። ግድግዳው «ኤልዳና፣ እማማ ወይንሸት ተሽሏቸው ተመልሰዋል» አለ። በመሃሉ በር አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ቀጭን ልጅ ገባች። አቅፋ ሳመችኝ፣ «እማማ፣ እንኳን ተሻለሽ!» አለችኝ ጮክ ብላ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ መታጠቢያው ወሰደችኝ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውሃው ሲጮህ ጆሮዬ ሥር ገባች።

«አራተኛዋ ነሽ፣» አለችኝ። «ሁለተኛዋ ታንኮራፋ ነበር። ሦስተኛዋ የራሷን ስም እያነሣች ስታለቅስ ቶሎ ሄደች። አንቺ ዝም በይ፣ እሺ? ዝም ካልሽ ትቆያለሽ።»

«የመጀመሪያዋስ?»

ፊቴን በጣቷ ነካችው። አገጬን፣ ከዚያ ቅንድቤን። «ትመስያታለሽ» አለች።

«እናቴ ናት።»

ውሃው ወረደ። ልጅቷ ደነገጠች ወይም ደስ አላት፣ መለየት አልቻልኩም።

ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ ቧንቧው ሥር፣ ነገረችኝ። «አምስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠራኋት፣ አልነሣ አለች። እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ብርድ ልብስ አለበስኳት። ግድግዳው መዝሙር ከፈተልኝና ‹ኤልዳና፣ የዋና ሰዓት ነው› አለኝ። ሄድኩ። ስመለስ ሌላ ሴትዮ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ የእሷን ሹራብ ለብሳ ‹ኤልዱ› አለችኝ። እኔም ‹አቤት› አልኩ። ምን ልበል?»

«ሌሎቹ ልጆችስ? አያውቁም?»

«ሁላችንም እናውቃለን። አያቶቹ እንዳይደነግጡ ብለን ነው የማንናገረው።»

አያቶቹ ደግሞ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብለው ነው የማይናገሩት። ይህን ስሰማ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ብትናገሩስ ምን ይሆናል?»

«ክፍል ይቀየርልሻል። ኖላዊ የሚባል ጓደኛዬ ተናገረ። ‹የእኔ አባባ ሌላ ሰው ነው› አለ ምሳ ላይ። ተቀየረ። ከሳምንት በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘሁት፣ አያውቀኝም።»

«እንዴት አያውቅሽም? አኩርፎሽ ይሆናል።»

«አላኮረፈም። ‹ስምሽ ማነው?› አለኝ። ሳቀልኝም።»

ከዚህ በኋላ ዝም ያልኩት ለራሴ ብዬ አይደለም። ሰው ደንቆሮ ካልሆነ በቀር በሰው ልጅ አይጫወትም።

ክቡ ውስጥ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰላምታ የሚባል ነገር አለ። ሁሉም አዛውንት ከልጁ ጋር ወደ መሃለኛው ግቢ ይወርዳል። ግቢው ክብ ነው፣ አንድ ሕፃን ቢያስነጥስ ሁሉም ጋ ይሰማል፤ ያፌት ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ልጅ የትም ቢወድቅ እንዲሰማ። ድምፁ የሁሉንም ስም በተራ ይጠራል። የተጠራው «አለሁ» ይላል። ልጁ እጁን ያነሣል። ቀጣዩ ይጠራል። ሁለት መቶ አርባ ሰው ነው። ሁለት መቶ አርባ ጊዜ አለሁ።

«እማማ ወይንሸት።»

«አለሁ።»

መጀመሪያ ቀን ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ እንጂ ቃሉ አልወጣም። በአምስተኛው ቀን ወጣ። በአሥረኛው ቀን ሳላስብ አልኩት። ጎኔ የሚቆሙት አባባ ታምሩ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያሉ፣ ሌላ ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጭተን ሁለታችንም መሬት እናያለን።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኤልዳና ቧንቧውን ከፍታ ከኋላዬ «ረድኤት» አለችኝ።

ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። ማጠፌን ቀጠልኩ።

«ረድኤት!» አለች ደግማ። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። እንባዋ መጥቷል። «ሁለተኛዋም እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ስሟን ስጠራት ትዞር ነበር። ከዚያ መዞር ተወች።»

ስሜን ሰምቼው ነበር። ጆሮዬ ሰምቶታል። የሌላ ሰው ስም ነው የመሰለኝ። የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ቢጫው ጋሪ ውስጥ ምን እንዳለ የገባኝ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያን ቀን የፈራሁት ላደረግሁት ነው። አሁን ግን እኔ ራሴ እያለቅሁ ነው። አንድ ቀን እኔም አልነሣ እላለሁ፣ አንዷ የእኔን ሹራብ ለብሳ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ እናቴን ማን ያለቅስላታል? እሷን የሚያውቅ አፍ አይኖርም።

«ነገ እናገራለሁ» አልኳት።

«ትቀየሪያለሽ።»

«ልቀየር። አንቺ ግን ከእኔ ራቅ ብለሽ ቁሚ። እንዳልሰማሽ ሁኚ። ‹አሮጊቷ አብዳለች› በይ፣ ሳቂብኝ ከፈለግሽ። አንቺን እንዳይነኩሽ።»

ውሃው ላይ እጇን አደረገች። ከዚያ «እኔም አላለቀስኳትም እኮ» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ወረድኩ። ኤልዳና እንደነገርኳት ራቅ ብላ፣ ከልጆች መሃል ቆመች። ድምፁ መጥራት ጀመረ። አለሁ። አለሁ። አለሁ። ግቢውን ዞር ብዬ አየሁት። ሰው ተሰብስቧል። ጠዋት ነው። ሽማግሌ አለ። መርዶ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለውም።

«እማማ ወይንሸት።»

ነጠላዬን አወረድኩና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ለበስኩት። አሮጊቶቹ አዩኝ። ይህን ምልክት ልጅ አያውቀው ይሆናል፤ አሮጊት ግን አትስተውም። አንዷ «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ።

«እማማ ወይንሸት የለችም» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ያ ግቢ ትንሽ ድምፅ አያጠፋም። «ወይንሸት ተካልኝ፣ የአንጎለላ ልጅ፣ በጥቅምት ወር ከዛሬ ሰባት ዓመት በፊት በዚህ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አርፋለች። እኔ ልጇ ረድኤት ነኝ። መርዶ ነጋሪ ስላጣሁ ራሴ ነገርኳችሁ።»

«እማማ ወይንሸት» አለ ድምፁ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው።

መሬት ተቀመጥኩ። ጮህኩ። ያልኩትን አሁን ልድገመው ብል አልችልም፤ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ተራ አይጠብቅም። ደረቴን መታሁ። «እማዬ» አልኩ፣ «እማዬ፣ አላወቅሁሽም» አልኩ። ግድግዳው መዝሙር ከፈተ፣ የልጆች መዝሙር፣ ጮክ አድርጎ። እኔ ከእሱ በላይ ጮህኩ። ከታች ወለሉ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ፤ ሙቀቱን አጥፍተውታል። በአንድ ጊዜ የደብረ ብርሃን ብርድ ከመሬት ወጣ። ልጆቹን «ወደ ክፍላችሁ፣ ወደ ክፍላችሁ» ይላል ድምፁ፤ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱላቸው። ብዙዎቹ ሄዱ። እየሮጡ ነው የሄዱት፤ አልፈርድባቸውም።

አባባ ታምሩ አልሄዱም። ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ አጠገቤ መሬት ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

ከዚያ ትንንሽ እግሮች ሲሮጡ ሰማሁ። ወደ በሩ መሰለኝ። ኤልዳና ናት፤ ወደ እኔ ነው የምትሮጠው። «ሂጂ!» አልኳት፣ «ሂጂ ብዬሻለሁ!» አልሰማችኝም። ጭኔ ላይ ወደቀች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አልነበረችም ያን ጊዜ፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ናት፣ እንደ አምስት ዓመት ሕፃን ነው ያለቀሰችው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ንፍጧ እስኪወርድ።

«እማማ ወይንሸት» አለ ድምፁ። ሦስተኛው ነው።

ልጅቷ ራሷን ሳታነሣ፣ ከጭኔ ውስጥ፣ «ሞታለች!» አለችው።

ድምፁ ዝም አለ። በዚያ ሕንፃ ዝም ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ክፍል የሚቀየርለትን ሰው የሚወስዱ ሁለት አጃቢዎች ከታችኛው በር መጡ። ወጣቶች ናቸው፣ ነጭ ለስላሳ ጫማ ያደረጉ፤ ሲራመዱ አይሰሙም። አንደኛው ጎንበስ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ «እማማ፣ ልጅቷን ይልቀቋትና እንሂድ። የእሷ ክፍል ተዘጋጅቷል» አለኝ። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ። ኤልዳና ልብሴን ጨምድዳ ያዘችው።

ቀና ብዬ አየሁት። እናት አለችው፤ እናት የሌለው ሰው የለም። የሆነ ቦታ፣ በሆነ መስታወት፣ እሑድ እሑድ ያያት ይሆናል።

«ለቅሶ ላይ የመጣ ሰው ቆሞ አይናገርም፣ ልጄ» አልኩት። «መጀመሪያ ተቀመጥ።»

እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ጓደኛውን አየ። ጓደኛው ድምፁ ወደሚመጣበት ግድግዳ አየ።

እኔ ልጅቷን አለቀቅኋትም። ለቅሶዬን ቀጠልኩ።